ለዓሣ ክትባትና ለበሽታ ምርመራ የሚያገለግል የባክቴሪያ አንቲጅን ምንድን ነው?

አንቲጅን የሚባለው የዓሣው ሰውነት «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ የሚለየውና ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርትበት የባክቴሪያው ክፍል ነው። አንድ ባክቴሪያ ብዙ አንቲጅን ይሸከማል፤ በላዩ የተሰካው የስኳር ሰንሰለት፣ የውጭ ሽፋኑ ፕሮቲን፣ የሚዋኝበት ጭራ፣ የሚረጨው መርዝ ሁሉም አንቲጅን ናቸው። ከባዱ ሥራ ከእነዚህ መምረጥ ነው። ለክትባት የሚፈለገው ፀረ እንግዳ አካል ሲይዘው ባክቴሪያው ዓሣውን መግደል የሚያቅተው ዓይነት ነው። ለምርመራ ግን ሌላ ባክቴሪያ ላይ የማይገኝና በብዛት የሚመረት ከሆነ ይበቃል። ለአንዱ የሠራ ለሌላውም ይሠራል ማለት የተለመደ ስህተት ነው።

የሳልመንና የትራውትን ኩላሊት የሚያጠቃው ሬኒባክቴሪየም ሳልሞኒናረም ጥሩ ማሳያ ነው። «ፒ57» የተባለ ፕሮቲን በገፍ ያመርታል፤ በታመመ ዓሣ ኩላሊት ውስጥ ስለሚከማች ኤላይዛ በተባለው ምርመራ በቀላሉ ይገኛል። ይኸው ፒ57 ግን የዓሣውን የመከላከል አቅም ያዳክማል፤ በክትባት ውስጥ ሲገባ ጥቅሙ የሚያጠራጥረው በዚህ ምክንያት ነው። ፕሮቲኑ ባክቴሪያው ከሞተ በኋላም በሰውነት ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል «አለ» የሚል ውጤት ብቻውን ሕያው በሽታ መኖሩን አያረጋግጥም።

የትራውትን አፍ የሚያቀላ በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ የርሲኒያ ሩከሪ፣ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ አይዳሆ ክፍለ ግዛት፣ በሄገርማን ሸለቆ በሚረባ ትራውት ላይ የታወቀ ሲሆን፣ ክትባቱ እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ባክቴሪያው ፎርማሊን በተባለ ኬሚካል ይገደልና ሙሉ አካሉ ይሰጣል። ይህ የሚሆነው ዋናው ተከላካይ አንቲጅን የውጭ ሽፋኑ ሊፖፖሊሳካራይድ (ስብና የስኳር ሰንሰለት የተያያዙበት ሞለኪውል) ስለሆነ ነው፤ ፎርማሊንም ሙቀትም አያጠፋውም። በተለመደው የመንከር ዘዴ 1 ሊትር ክትባት ከ9 ሊትር ንጹሕ ውሃ ጋር ይደባለቃል፤ ጫጩት ዓሦቹ በመረብ እየተጨለፉ ለ30 ሰከንድ ይነከራሉ። ይህ መጠን ወደ 100 ኪሎ ግራም ዓሣ ያዳርሳል። ድብልቁ ውስጥ አየር ካልተነፋ ክትባቱ ከማዳኑ በፊት መታፈን ይገድላቸዋል።

በኋላ በብሪታንያና በአሜሪካ የተከተቡ ትራውቶች ታመሙ። የተገኘው ባክቴሪያ የመዋኛ ጭራ የሌለው ነበር፤ የሊፖፖሊሳካራይዱ ዓይነት ግን ክትባቱ ውስጥ እንዳለው «ኦ1» ነው። ላቦራቶሪው በኦ1 አንቲሲረም (የኦ1ን ፀረ እንግዳ አካል በያዘ የደም ፈሳሽ) ብቻ ቢፈትሽ ልዩነቱን አያይም፤ ባክቴሪያው መዋኘቱንም ማየት ያስፈልጋል። መፍትሔው ጭራ አልባውን ዓይነት ጨምሮ ክትባቱን መሥራት ሆነ።

በአንቲሲረም የሚደረገው የስላይድ ፍተሻ እንዲህ ነው፦ በንጹሕ መስታወት ላይ የባክቴሪያው ብጥብጥ ሁለት ቦታ ጠብ ይደረጋል፤ በአንዱ ላይ አንቲሲረም፣ በሌላው ላይ 0.85 ከመቶ የጨው ውሃ ይጨመራል፤ ከዚያ 1 ወይም 2 ደቂቃ እያወዛወዙ መጓጎሉን ማየት ነው። የጨው ውሃውን መዝለል ብዙ ሰው ያሳስታል። ፈረንኩሎሲስ የተባለው የዓሣ እባጭ በሽታ አምጪ፣ ኤሮሞናስ ሳልሞኒሲዳ «ኤ ሌየር» በሚባል የፕሮቲን ልባስ ስለሚሸፈን ያለ ምንም ሲረም ራሱ ይጓጎላል። ልባሱ ከ25 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሲያድግ ሊጠፋ ይችላል፤ እንዲህ ልባሱን ያጣ ባክቴሪያ ለክትባትም ለምርመራም የሚጠቅም አንቲጅን ጎድሎታል።

በቆሮሶ ላይ የሚያስቸግረው ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲየ ደግሞ በካፕሱሉ (በውጭ በሚሸፍነው ልባስ) ስኳር ዓይነት ይከፈላል፤ አንድ ኤ፣ አንድ ቢ እና ሦስት በዓሣ የታወቁ ናቸው። በአንድ ቢ የተሠራ ክትባት ከአንድ ኤ ላያድን ይችላል። ስለዚህ ክትባት ከመግዛት በፊት ከአንጎልና ከኩላሊት ናሙና ወስዶ ዓይነቱን ማስለየት ይቀድማል።

የደም ፀረ እንግዳ አካል ምርመራም ወጥመድ አለው። ዓሣ ቀዝቃዛ ደም ስላለው ፀረ እንግዳ አካል ማምረቱ በውሃው ሙቀት ይፈጥናል ወይም ይዘገያል። ባለሙያዎች ሙቀትን በቀናት አባዝተው ይቆጥራሉ፦ በ10 ዲግሪ 50 ቀን ማለት 500 ዲግሪ ቀን ነው። ቶሎ የተቀዳ ደም «የለም» ይላል። በሙሉ ባክቴሪያ የተከተበ ዓሣም እንደታመመው ፀረ እንግዳ አካል ያሳያል፤ በተከተበ እርባታ ውስጥ በሽታ መኖሩን ለማወቅ ደሙን ሳይሆን ባክቴሪያው የሚገኝበትን ኩላሊት ወይም ጣፊያ መመርመር ያስፈልጋል።