ግራፍት ምንድን ነው? ጉቦ ብቻ አይደለም

ለንደን ያለ ዘመዳችሁን አለቃው «ግራፍተር ነህ» ካለው ደስ ይበላችሁ። ወገቡን ታጥቆ የሚሠራ፣ ጎበዝ ሠራተኛ ነው ማለቱ ነው። ዋሽንግተን ያለውን ዘመዳችሁን ግን እንዲሁ ያለው ሰው ካለ ጠብ እየፈለገ ነው። እዚያ ግራፍተር ማለት አጭበርባሪ ነው፤ ባለሥልጣን ከሆነ ደግሞ የሕዝብ ገንዘብ የሚበላ።

የዚህ ቃል ሥር ግራፍት (graft) የሚለው እንግሊዝኛ ነው፣ እኛ በብዛት የምናገኘው ዜና ላይ ነው። የናይሮቢም የማኒላም የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ይወዱታል፣ አጭር ስለሆነ ለርዕስ ይመቻል። ወደ አማርኛ ሲመለስ ብዙ ጊዜ «ጉቦ» ይባልና ይታለፋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ጉቦ ሲባል ሰጪና ተቀባይ አለ፣ ከጠረጴዛ ስር የሚያልፍ ፖስታ አለ። ግራፍት ግን ያለ ፖስታም ይሆናል።

ከቃሉ ታሪክ እንጀምር። እንግሊዝኛ ውስጥ የቆየው ግራፍት የተክል ነው። በአቮካዶ ችግኝ የሚሠሩ ሰዎች የአንዱን ግንድ ቆርጠው የሌላውን ቅርንጫፍ ያስሩበታል፣ «የተዳቀለ» ይሉታል፤ ግራፍት ያ ነው። ምንጩ ግሪክኛ ነው፣ መጻፊያ ብዕር ማለት፤ ተቆርጦ የሚታሰረው ቅርንጫፍ ጫፉ ሲሾል ብዕር ስለሚመስል። ታዲያ አንዳንዶች ሙስናውም ከዚህ መጣ ይላሉ፦ በሌላው ግንድ ላይ ተለጥፎ ፈሳሹን መምጠጥ። ያምራል። ግን ብዙ መዝገበ ቃላት በሌላ መንገድ ይሄዳሉ። መቆፈር የሚል ድሮ ግራፍት ነበረ፣ ከመቆፈር ወደ ልፋት፣ ከልፋት ወደ «ሥራ» ሄደ። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ የአሜሪካ ኪስ አውላቂዎች ስርቆታቸውን «ሥራ» ብለው ሲጠሩት ቃሉ ባሕርዩን ቀየረ። የእንግሊዙ ልፋት ሆኖ ቀረ፣ የአሜሪካው ወደ ስርቆት ገባ።

እኔ ለዚህ ለሁለተኛው አደላለሁ፣ ምክንያቴም አማርኛ ነው። እኛስ የተጭበረበረ ሰው ምን ይላል? «ሠራኝ!» «ተሠራሁ!» ይላል። ልክ ያው መንገድ ነው።

ቃሉ ከኪስ አውላቂ ወደ ባለሥልጣን የተሻገረው በከተማ ፖለቲካ ነው፣ እዚህ ላይ ኒውዮርክን የሚያህል የለም። ታማኒ ሆል የሚባለው የዴሞክራቶች ድርጅት ከተማዋን ለረጅም ጊዜ በእጁ ይዟት ነበር። አለቃው ዊልያም ትዊድ በነበረበት ዘመን የካውንቲው ፍርድ ቤት ሕንፃ መሠራት ጀመረ፣ እ.ኤ.አ. በ1861። ወጪው ከ12 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1867 አላስካን በሙሉ ከሩሲያ የገዛችው በ7.2 ሚሊዮን ነው፣ አስቡት። ልስን ሠሪው ለሁለት ቀን ሥራ 133,187 ዶላር ተከፈለው። ሥራ ተቋራጮቹ ሒሳቡን ይቆልሉታል፣ ትርፉ ወደ ትዊድና ወደ ሰዎቹ ይመለሳል። ትዊድ እ.ኤ.አ. በ1871 ተያዘ፣ አምልጦ እስከ ስፔን ደረሰ፣ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1878 እስር ቤት ውስጥ ሞተ።

ለቃሉ ትርጉም ዋናው ሰው ግን እሱ አይደለም። ጆርጅ ዋሽንግተን ፕላንኪት ነው፣ የዚያው የታማኒ ሰው። እዚያው በዘረፋ በተሠራው ፍርድ ቤት ሊስትሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለአንድ ጋዜጠኛ ያወራ ነበር፣ ወሬውም እ.ኤ.አ. በ1905 ታተመ። ግራፍት ሁለት ዓይነት ነው አለ፦ ታማኝና ታማኝ ያልሆነ። ከቁማር ቤትና ከሴተኛ አዳሪ ቤት ገንዘብ መሰብሰብ ታማኝ ያልሆነው ነው፣ እኔ አልነካውም። ታማኙ ግን ይሄ ነው፦ ከተማው የሆነ ቦታ ላይ መናፈሻ ሊሠራ እንደሆነ ሹክ ይሉኛል፣ ሄጄ በአካባቢው ያለውን መሬት እገዛለሁ፣ ከዚያ ፕላኑ ይፋ ሲሆን ያ ማንም ዞር ብሎ የማያየው መሬት ተፈላጊ ይሆንና በጥሩ ዋጋ እሸጣለሁ። ምን ጥፋት አለው? «ዕድሎቼን አየሁ፣ ያዝኳቸው» አለ።

የድንጋዩም ታሪክ አለ። ከተማው 250,000 አሮጌ የመንገድ ድንጋይ ጨረታ ያወጣል። ፕላንኪት ተጫራቾቹን አንድ በአንድ ያናግራል። ስንት ትፈልጋለህ? 20,000። አንተስ? 15,000። በሉ እኔ ብቻ ልጫረት፣ የምትፈልጉትን በነፃ እሰጣችኋለሁ። ጨረታው ተከፈተ፣ ሁሉንም በ2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ወሰደው።

ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ ለባለሥልጣን የተሰጠ ጉቦ የለም። መሬቱን የሸጠው ሰው ዋጋውን ተቀብሏል። የተጎዳው የከተማው ሕዝብ ነው፣ እሱ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ለዚህ ነው «ሥራ» የሚለው ትርጉም ቃሉ ውስጥ ተደብቆ መቅረቱ የሚያስፈራኝ። ሰውየው የሠራ እንጂ የሰረቀ አይመስለውም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የኛ ተረት ቁጭ ብሎ ፕላንኪትን ያዳመጠ ነው የሚመስለው።

ሙስና የሚለው ቃላችን በተቃራኒው ምንም አይደብቅም። ከግዕዙ ማሰነ ነው፣ ጠፋ፣ ተበላሸ ማለት። በግዕዙ መዝሙረ ዳዊት ጻድቁ «ሙስናን» እንዳያይ ሲባል የመቃብር መበስበስ ነው። ከበድ ያለ ቃል ነው፣ በጣም እወደዋለሁ። ችግሩ ሁሉንም ያቅፋል፤ ጉቦውም፣ ምዝበራውም፣ ዘመድ መቅጠሩም ሙስና ነው። ሕጋችን ግን ይለያቸዋል፦ ጉቦ መቀበል አንድ ወንጀል ነው፣ በሥልጣን አላግባብ መገልገል ሌላ። ግራፍትን ከሁሉም በላይ የሚቀርበው ይሄ ሁለተኛው ነው።

እና ዜና የምትተረጉሙ ልጆች፣ ግራፍት ስታዩ ቶሎ «ጉቦ» አትበሉ። ዝቅ ብላችሁ ዝርዝሩን አንብቡ። የሚኒስትሩ ወንድም ድርጅት ጨረታ አሸንፎ ከሆነ፣ ወይም መንገዱ በየት እንደሚያልፍ ቀድሞ ያወቀ ሰው መሬት ገዝቶ ከሆነ፣ «በሥልጣኑ ነግዷል» በሉ። አንባቢ ጉቦ ሲባል ማን ሰጠው ብሎ ነው የሚጠይቀው፤ እዚህ መጠየቅ ያለበት ግን ፕላኑን ማን ቀድሞ እንዳየው ነው።