የልጆች የፈረሰኝነት ትምህርት ምንድን ነው?

በዓል ሲመጣ ያጌጠ ፈረስ በየሜዳው ይታያል። ልጁ ብድግ ተደርጎ ኮርቻው ላይ ይቀመጣል። ባለፈረሱ ገመዱን ይዞ ትንሽ ያዞረዋል። ፎቶ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ በቃ። ልጁም ወላጁም ደስ ይላቸዋል። ክፋት የለውም። ግን ይህ ፈረስ ላይ መቀመጥ እንጂ ፈረሰኝነት አይደለም። «ልጄን ግልቢያ ላስመዘግብ ነው» የሚል ወላጅ ሲያጋጥመኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ፈረሱን የሚያጸዳው ማን ነው? «ሠራተኛው» ከተባልኩ፣ ልጁ የትምህርቱን ግማሽ አያገኝም ማለት ነው።

የፈረሰኝነት ትምህርት ልጅ ከፈረስ ጋር መግባባት የሚማርበት ነው። ግልቢያው ከዚያ ውስጥ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ከግልቢያው በፊት ወደ ፈረስ መቅረብ፣ ልባብ (የሚመራበትን የራስ ማሰሪያ) ማጥለቅ፣ እየመሩ መሄድ፣ ማበጠር፣ ኮርቻ መጫን አለ። ከግልቢያው በኋላም ኮርቻ ማውረድ፣ ላብ ማድረቅ፣ ማጠጣት አለ። እንዲያውም ጥሩ አስተማሪ ዘንድ ልጁ የመጀመሪያውን ቀን ኮርቻ ላይ ሳይወጣ ሊውል ይችላል። «ታዲያ ምን ልሁን ብዬ ነው የከፈልኩት?» የሚል ወላጅ አይጠፋም። ትክክለኛው አካሄድ ግን ይኸው ነው።

ምክንያቱ ፈረሱ ራሱ ነው። ፈረስ በተፈጥሮው የሚታደን እንስሳ ነው። የሚያስደነግጥ ነገር ሲገጥመው መጀመሪያ ይሮጣል፤ ምን እንደሆነ ዞሮ የሚያየው ከራቀ በኋላ ነው። ዓይኖቹ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ያያል ማለት ይቻላል። የማይታየው አፍንጫው ሥር ያለችው ትንሽ ቦታና ከጭራው በስተኋላ ያለው ነው። ከኋላ ድንገት የመጣበትን ቢራገጥ አይፈረድበትም። መሐል አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የሚያስበረግግ ነገር ሞልቷል። የሚኒባሱ ጥሩምባ አለ፣ በነፋስ የሚበረው ፌስታል አለ። ስለዚህ ልጁ በትከሻው በኩል፣ ቀስ ብሎ እያዋራው መቅረብን ይማራል። ጆሮውን ማንበብም ይማራል። ወደፊት ቀጥ ካለ አንድ ነገር ትኩረቱን ስቦታል። ወደ ኋላ ልጥፍ ካለ ተቆጥቷል፤ ራቅ ማለት ነው።

ሰኮና ማጽዳትን ቀረብ ብላችሁ ብታዩ ነገሩ ይበልጥ ይገባችኋል። ልጅቷ ከፊት እግሩ ጎን ትቆማለች፣ ፊቷን ወደ ጭራው አዙራ። እጇን ከትከሻው ጀምራ እግሩን እየዳሰሰች ወደ ታች ታወርዳለች። ፈረሱ አላነሳም ይላል። ብትጎትት አትችለውም፤ ክብደቱ የእሷን አሥር እጥፍ ይሆናል። «ጋሼ፣ እምቢ አለኝ!» ትላለች። «አትጎትቺው የኔ እናት። በትከሻሽ ጠጋ በይውና ጠብቂው።» ጠጋ ስትለው ክብደቱን ወደ ሌላኛው እግር ያዛውራል፣ ሰኮናውም በቀላሉ ይነሳላታል። ከዚያ ጫፉ በታጠፈች ብረት ከተረከዝ ወደ ፊት ጭቃውንና ጠጠሩን ትፈነቅላለች። መሐል ላይ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያለው ለስላሳ ቦታ አለ፣ እሱን እንዳትወጋ ትጠነቀቃለች። በክረምት እዚያ ጋ እርጥበት ሲከርም ይበሰብሳል፣ ይሸታል። ሽታውን የምታውቅ ልጅ በሽታውን ቶሎ ትደርስበታለች። ጉልበት እንደማያዋጣ እዚህ ያየች ልጅ ኮርቻ ላይ ወጥታም ልጓም አትጎትትም።

አመጋገብም የትምህርቱ አካል ነው። ፈረስ ሆዱ ትንሽ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ሣርና ድርቆሽ መብላት አለበት። ገብስና ፉርሽካ ተጨማሪ ናቸው እንጂ ድርቆሹን አይተኩም። ደግሞም ፈረስ ማስታወክ አይችልም። ልጆች በፍቅር የሚያጎርሱት ዳቦና ብስኩት ሆዱን ሊነፋው፣ ሊገድለውም ይችላል። ካሮት ሲሰጡት እንኳ መዳፍን ዘርግቶ ነው፤ ጣት ከታጠፈ ይነከሳል።

ወደ ግልቢያው ስንመጣ፣ መጀመሪያ አስተማሪው ፈረሱን በረጅም ገመድ ይዞ በክብ ያዞረዋል። ልጁ ዛቡን፣ ማለትም ከልጓሙ ጋር የተያያዘውን መምሪያ ገመድ፣ አይነካም። እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ሚዛኑን ይለምዳል። ጆሮ፣ ትከሻ፣ ዳሌና ተረከዝ በአንድ መስመር፣ ተረከዝ ወደ ታች። ከእርምጃ ቀጥሎ ሶምሶማ ይመጣል። በሶምሶማ የፈረሱ እግሮች በሰያፍ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሁለት ምት ይመታሉ። ልጁም ከምቱ ጋር ብድግ ቁጭ ማለት ይለምዳል። እዚህ ጋ ብዙ ልጅ ይሰለቻል፣ ወገቡም ይዝላል። ቀጥሎ ከሶምሶማ ፈጠን ያለው ባለሦስት ምቱ ደንገላሳ ነው። ሽምጥ መጋለብ የመጨረሻው ነው፣ ቶሎም አይደረስበትም።

ይህን ሁሉ ባዕድ ነገር የሚያደርጉት ሰዎች ያሳዝኑኛል። ጃንሜዳ ጉግስና የፈረስ እሽቅድምድም ሲታይበት የኖረ ሜዳ ነው። ጉግስ ተጫዋቹ በአንድ እጁ ዘንግ፣ በሌላው ጋሻ ይዞ ነው። ታዲያ ፈረሱን በእጁ ብቻ እየጎተተ ሊመራው አይችልም፤ በእግሩና በሰውነቱ ሚዛን ነው። ዛሬ አስተማሪው ልጁን «እጅህን ተው፣ በእግርህ ንገረው» የሚለው ያንኑ ነው። አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ያለውን፣ ፈረስ ላይ የተቀመጠውን የምኒልክ ሐውልት ልጆቻችን በየቀኑ ያዩታል። የተመረቀው በ1923 ዓ.ም. በኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ይህን ለልጅ ፈረሱን እያበጠረ እያለ ንገሩት፣ ከክፍል ይልቅ እዚያ ይገባዋል።

«ግልቢያ ለወንድ ነው» የሚል ካለ ደግሞ አትስሙት። በኦሊምፒክ የፈረስ ውድድር ሴትና ወንድ እኩል ተሰልፈው ነው የሚፎካከሩት። በ1952 እ.ኤ.አ. ሄልሲንኪ ላይ ዴንማርካዊቷ ሊስ ሃርተል ከወንዶች ጋር ተወዳድራ የብር ሜዳሊያ ወስዳለች። ፖሊዮ ይዟት ከጉልበቷ በታች እግሮቿ አይታዘዙላትም ነበር። የፈረስ እርምጃ የተቀመጠበትን ሰው ዳሌ ልክ በእግር እንደሚሄድ ሰው ያንቀሳቅሰዋል። ለዚህም ነው የመንቀሳቀስ ችግር ያለባቸውን ልጆች ለመርዳት በብዙ አገር የሚጠቀሙበት።

ቦታ ስትመርጡ መጀመሪያ ፈረሱን እዩ። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል? ኮርቻው ሲነሳ ጀርባው ገጣባ ነው? እንዲህ ከሆነ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። የታመመ ጀርባ ላይ ልጅ ማስቀመጥ ለፈረሱም ግፍ ነው፣ ለልጁም አደጋ ነው። ሙሉ ትምህርት ለመጀመር ስድስት ሰባት ዓመት ጥሩ ዕድሜ ነው። ጫማው ሽፍንና አነስ ያለ ተረከዝ ያለው ይሁን። ሰንደል ተጫምቶ የሚጋልብ ልጅ እግሩ እርካቡ ውስጥ ሾልኮ ሊገባ፣ ሲወድቅም ሊጎተት ይችላል።

መውደቅ ደግሞ አይቀርም። ሄልሜት ከአገጭ ሥር በደንብ ታስሮ ይደረግ፣ ለአንድ ዙር ፎቶም ቢሆን። ልጁ ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ፣ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ንግግሩ ከተምታታ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። በኃይል የተመታ ሄልሜት ስንጥቅ ባይታይበትም ከዚያ በኋላ አያገለግልም፣ በአዲስ ይተካ።