ማሽኑ ከመቆሙ በፊት፦ የማሽን ጤና ክትትል በጎጃም

ወፍጮ ቤት ወረፋ ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ወፍጮው እየፈጨ ነው፤ ፈጪው ከደንበኛ ጋር ወሬ ይዟል። ድንገት ወሬውን ያቋርጥና ጆሮውን ያቀናል። ሄዶ እጁን ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ድጋፍ) ላይ ያሳርፋል። ወረፋ የያዘው ሰው ምንም አልሰማም። እሱ ግን ድምፁ መለወጡን ሰምቷል።

የማሽን ጤና ክትትል የሚባለው ሙያ ይኸው ነው፤ በመሣሪያ የታገዘ መሆኑ ብቻ ይለየዋል። ማሽኑ ሳይፈታ፣ ሥራ ላይ እንዳለ፣ ንዝረቱን፣ ሙቀቱን፣ ዘይቱንና የሚስበውን ኤሌክትሪክ እየለኩ ብልሽትን ቀድሞ ማወቅ ነው።

ብዙ ቦታ ጥገና የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ሲሰበር መጠገን ነው። ሌላው ቀን ቆጥሮ ዕቃ መቀየር ነው። ሁለተኛው ብልህነት ይመስላል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1978 ኖውላን እና ሂፕ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የአየር መንገድ ባለሙያዎች ባወጡት ጥናት፣ ካዩዋቸው የአውሮፕላን ክፍሎች ውስጥ በዕድሜ ብዛት ብቻ የመበላሸት ምልክት ያሳዩት 11 በመቶ ገደማ ነበሩ። የቀሩት መቼ እንደሚበላሹ ቀን ቆጥሮ ማወቅ አይቻልም ነበር። ስለዚህ ደህናውን ኩሽኔታ አውጥቶ አዲስ መግጠም አንዳንዴ በጤነኛ ማሽን ላይ ችግር መጨመር ነው። ሦስተኛው መንገድ ማሽኑን ራሱን መጠየቅ ነው።

ጎጃም ውስጥ የሚጠየቅ ማሽን ሞልቷል። በድሮው የጎጃም ክፍለ ሀገር ባህር ዳርን ብንጨምር፣ የባህር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመ ነው። የጢስ አባይ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ ጀመሩ። ጣና በለስ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በአራት ተርባይኖች 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ቡሬና ደብረ ማርቆስ ላይ የዘይት ፋብሪካዎች፣ ደጀን ላይ ሲሚንቶ አለ። የዱቄት ፋብሪካውና የቀበሌው ወፍጮ ቤት ደግሞ ተቆጥሮ አያልቅም። ሙያተኛውም እዚሁ ይሠለጥናል። በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1963 የተከፈተው የባህር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ዛሬ የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ነው።

እዚህ አገር አስቀድሞ ማወቅ ለምን ይበልጥ ያስፈልጋል? በርቀቱ ምክንያት ነው። ትልቅ ኩሽኔታ ወይም ማርሽ ሲሰበር መለዋወጫው ቢያንስ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ ከውጭ የሚታዘዝም ብዙ ነው። መንገዱ የአባይን በረሃ ወርዶ ይወጣል። ወር ቀደም ብሎ የታወቀ ብልሽት ዕቃው እስኪመጣ ጊዜ ይሰጣል። ማሽኑ ከቆመ በኋላ የታወቀ ግን ሠራተኛውንም ደንበኛውንም አብሮ ያቆማል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ከአብዛኛው ብልሽት በፊት ምልክት ነበረ፤ የሚያነበው ሰው ነው ያልነበረው።

ኩሽኔታን እንውሰድ። መጀመሪያ ጥሩ የሰው ጆሮ እንኳ የማይደርስበት ቀጭን ድምፅ ያወጣል። ይህን የሚይዘው የአልትራሳውንድ መሣሪያ ነው። ቀጥሎ በንዝረት መለኪያ ይታያል። ከዚያ ይሞቃል፤ ከዚያ ይጮኻል፤ በመጨረሻ ይጨሳል። ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ጭሱ ወራት ሊቆጠሩ ይችላሉ። በእጅ ሲነካ የሚያቃጥል ኩሽኔታ ግን ብዙ ጊዜ የቀረው ጥቂት ነው። ካቻቢቴውን ማሽኑ ላይ አስደግፎ እጀታውን ጆሮው ላይ የሚያደርግ መካኒክ በመሃል ያለውን ጊዜ ያገኛል። (ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ቺንጋ፣ ብሎን፤ የጋራዡ ቋንቋ ግማሹ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው።)

ንዝረት የዚህ ሙያ ልብ ነው። ትልቁ ቁም ነገር የንዝረቱ መጠን ብቻ አይደለም፣ ምቱም ነው። በደቂቃ 1480 ጊዜ የሚዞር ሞተር በሰከንድ ወደ 25 ጊዜ ይዞራል። ንዝረቱ በየዙሩ አንዴ ከመታ፣ ብዙ ጊዜ የሚሽከረከረው ክፍል ክብደቱ ሚዛን ስቷል ማለት ነው። ባለመዶሻ ወፍጮ ላይ መዶሻዎቹ እኩል ሳይበሉ ሲቀሩ የሚታየው ይህ ነው። ስለዚህም መዶሻ ሲቀየር የተቃራኒውም አብሮ ይቀየራል፤ ክብደታቸውም አንድ መሆን አለበት። በየዙሩ ሁለት ጊዜ ሲመታ የሞተሩና የወፍጮው ዘንግ በአንድ መስመር አለመግጠሙ ይጠረጠራል። የላላ ብሎን በየዙሩ ብዙ ተደራራቢ ምት ያመጣል። የኩሽኔታ ችግር ግን ሙሉ ቁጥር ባልሆነ ምት ይመጣል፤ ለምሳሌ በየዙሩ ሦስት ተኩል ገደማ። አዋቂው በዚህ ይለየዋል።

ደረጃም አለው። አይኤስኦ 10816-3 የተባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ (እ.ኤ.አ. በ2022 በአይኤስኦ 20816-3 ተተክቷል) ከ15 እስከ 300 ኪሎ ዋት ጉልበት ላለው፣ ጠንካራ መሠረት ላይ ለተተከለ ማሽን መስመር አበጅቷል። የንዝረቱ ፍጥነት እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር በሰከንድ ከሆነ አዲስ ማሽን ያህል ነው። እስከ 2.8 ያለ ስጋት ይሠራል። ከዚያ በላይ ለረጅም ጊዜ መሥራት የለበትም። ከ4.5 ካለፈ ጉዳት እየደረሰበት ነው። እኔ ግን ከመስመሩ ይልቅ ለለውጡ ነው የማደላው። ዓመቱን ሙሉ 1.0 ሲያሳይ የኖረ ማሽን በሳምንት ውስጥ 2.0 ከገባ፣ ገና የ2.8ን መስመር ባያልፍም መፈተሽ አለበት።

ዘይትም ይናገራል። ናሙናው ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ፣ ማሽኑ እየሠራ ወይም ገና እንደቆመ ይወሰዳል፤ ከቆመ በኋላ ከሥር የተቀዳ ዘይት ያሳስታል። በምርመራ ብረት ከበዛ ማርሹ ወይም ኩሽኔታው እያለቀ ነው፤ መዳብ ከበዛ የነሐሱ ክፍል ነው። ሲሊከን ከታየ አቧራ ገብቷል፤ በበጋ የጎጃም መንገድ ዳር ላለ ማሽን ይህ የተለመደ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ጠላቱ ውሃ ነው። ዘይቱ ወተት መስሎ ይነጣል። ላቦራቶሪ በሌለበት፣ ጥቂት ጠብታ በጋለ ብረት ላይ ጣል ማድረግ ይቻላል። ውሃ ካለበት እንደ ምጣድ ላይ ጠብታ ቸስ ይላል። ዘይት እየተረጨ ስለሆነ ዓይንን መጠበቅ ያስፈልጋል።

የሙቀት ካሜራ ለኤሌክትሪክ ሰሌዳ እንደ እሱ ያለ የለም። የላላ ማገናኛ ጭነት ላይ ሲሆን ከጎኑ ካሉት ተለይቶ ይግላል። ማሽኑ ባዶውን ሲዞር ግን ምንም ላያሳይ ይችላል። የሚያብረቀርቅ ብረት ደግሞ የራሱን ሙቀት ደብቆ የሌላውን ስለሚያንጸባርቅ ቁጥሩን ያዛባል። የድንጋይ ወፍጮ የራሱ ቴርሞሜትር አለው፤ ዱቄቱ ትኩስ ሆኖ ከወጣ ድንጋዩ ደንዝዟል ወይም ከልክ በላይ ተጭኗል። ደንዝዞ ከሆነ መወቀር አለበት።

መብራት መቆራረጥና የቮልቴጅ መውረድ ባለበት ከተማ የሞተሩን የኤሌክትሪክ ጅረት በክላምፕ ሜትር (ገመዱን አቅፎ በሚለካ መሣሪያ) በሦስቱም ገመድ መለካት እጅግ ይጠቅማል። በሦስቱ ገመዶች መካከል ቮልቴጁ በ1 በመቶ ብቻ ቢበላለጥ ጅረቱ ከ6 እስከ 10 በመቶ ሊበላለጥ ይችላል። ሙቀቱ ከተገቢው በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር የሞተሩ ጥቅል ሽቦ መሸፈኛ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል ይባላል። ተቃጥሎ እንደገና የሚጠመጠመው ዲናሞ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ይህ ነው።

ትላልቆቹ ማሽኖች ሴንሰራቸው አብሯቸው ይኖራል። የውሃ ተርባይን የዘንጉ መወዛወዝና የኩሽኔታው ሙቀት ሌት ተቀን ይለካል። የሲሚንቶ ምድጃ ውስጡ ያለው ነገር 1450 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ከውጭ የሚቃኘው መሣሪያ የሚፈልገው የውስጡ ጡብ የወደቀበትን የጋለ ቦታ ነው።

ለትንሹ ባለንብረት ግን ዋናው መሣሪያ ደብተር ነው። ቀን፣ ማሽን፣ ሙቀት፣ ጅረት፣ የተሰማ ድምፅ፤ ከዚያ ፊርማ። የሌሊቱ ፈረቃ የሰማውን የጠዋቱ ካላወቀ ምልክቱ ይጠፋል። የስልክ መተግበሪያ የሚዛን መሳትን ያህል ቀርፋፋ ንዝረት ሊያሳይ ይችላል፤ ለኩሽኔታ የመጀመሪያ ድምፅ ግን ፍጥነቱ አይበቃም።

ሁሉንም ማሽን መከታተልም አያስፈልግም። መለዋወጫው መደርደሪያ ላይ ያለ፣ በግማሽ ቀን የሚቀየር፣ ሲቆም ማንንም የማይጎዳ ትንሽ ፓምፕ እስኪበላሽ ይሥራ። ጊዜውና ገንዘቡ ሲቆም ሁሉን ለሚያስቆመው ማሽን ይዋል።