«የዓይን ካንሰር» አይደለም፤ ሜታስታሲስ ምንድን ነው?

ሰሞኑን ብዙ ሰው የሚያዳምጠው አንድ አስተያየት ሰጪ ስለ አንድ ታማሚ ሲያወራ «የአንጀት ካንሰሩ ለቆት ወደ ዓይኑ ሄደ፤ አሁን የዓይን ካንሰር ሆኗል» አለ። የዓይን ሐኪም ነኝ፤ እዚህ ጅማ ውስጥ ይህንን አባባል ከታካሚ ቤተሰብ ስሰማው ቁጭ ብዬ አስረዳለሁ። ለብዙ ሺህ ጆሮ ከሚናገር ሰው ስሰማው ግን ያናድደኛል። በዚያች አጭር ንግግር ውስጥ ሁለት ስህተት አለ። ሁለቱም ሰው ይጎዳሉ።

የመጀመሪያው «ለቆት» የሚለው ነው። ካንሰር አንዱን ቦታ ለቅቆ ወደ ሌላው አይዛወርም። ሜታስታሲስ ወይም ስርጭት የምንለው ከመጀመሪያው ካንሰር የተላቀቁ ሴሎች በደም ወይም በሊምፍ ተጉዘው ሌላ ቦታ ማደግ ሲጀምሩ ነው። የመጀመሪያው እዚያው ሊኖር ይችላል። በቀዶ ሕክምና ወጥቶም ቢሆን ቀድመው ያመለጡ ሴሎች ከዓመታት በኋላ ብቅ ሊሉ ይችላሉ።

ሁለተኛው የከፋ ነው። ዓይን የራሱ ካንሰር አለው። በሕፃናት ሬቲኖብላስቶማ፣ በአዋቂ ደግሞ ሜላኖማ አለ። ከአንጀት የመጣው ከሁለቱም አይደለም። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የአንጀት ሴል ነው። ዓይን ውስጥ ተቀምጦ እንኳ የአንጀት ዕጢ ለመሥራት ይሞክራል።

በቡና ላስረዳ። አንዲት ወፍ ከጎረቤት ማሳ ቀይ ቡና ለቅማ ፍሬውን እናንተ ግቢ፣ አቮካዶው ሥር ጣለችው እንበል። በቀለ። አቮካዶ ሥር ስለበቀለ አቮካዶ ነው የሚል አለ? ቡና ነው። የጎረቤት ማሳም የትም አልሄደም። ልታጠፉት ብትፈልጉ ደግሞ አቮካዶውን አትቆርጡም። ወፏ ሌላም ቦታ ጥላ እንደሆነ ግቢውን ሁሉ ታያላችሁ። እኛም አንድ ዓይን ላይ ስናገኘው ሌላኛውን ዓይን፣ ጉበቱን፣ ሳንባውን የምናስመረምረው ለዚህ ነው።

ከዛፍ የወደቀ ቡና ሁሉ አይበቅልም። ደም ውስጥ ከሚገቡት የካንሰር ሴሎችም አብዛኞቹ ይሞታሉ። አፈሩ መስማማት አለበት። እንግሊዛዊው ሐኪም ስቴፈን ፓጄት ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1889 ጽፎታል። በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን የአስከሬን ምርመራ አገላብጦ ሴሎቹ በዘፈቀደ እንደማያድጉ አሳየ። ከእሱ በፊት ሐሳቡን ያነሳው ኤርንስት ፉክስ የዓይን ሐኪም ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ ሳልነግር አላልፍም።

መንገዱም ሩቅ ነው። ከትልቁ አንጀት የሚወጣው ደም መጀመሪያ በጉበት ያልፋል፤ ቀጥሎ በሳንባ። የአንጀት ካንሰር በብዛት ጉበት ላይ የሚገኘው ለዚህ ነው። (የፊንጢጣ የታችኛው ክፍል ደም ግን ጉበትን ሳይነካ የሚያልፍበት መንገድ አለው፤ እዚያ የተነሳ ካንሰር በቀጥታ ሳንባ ሊደርስ ይችላል።) ጉበትንና ሳንባን፣ ሁለቱን ወንፊት፣ ያለፈው ጥቂት ሴል ዓይን ቢደርስ፣ በብዛት የሚያርፈው ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ሥር ባለው ኮሮይድ በሚባለው ሽፋን ላይ ነው። ወደ ዓይን ከሚገባው ደም አብዛኛው በእሱ በኩል ያልፋል።

ምን ያህል ብርቅ ነው? እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት ካንሰር ወደ ዓይናቸው የተዛመተባቸው 420 ሰዎች ታዩ። ከመቶ 47ቱ ከጡት፣ 21ዱ ከሳንባ ነበር። ከምግብ መፍጫ አካላት ሁሉ ተደምሮ የመጣው ከመቶ 4 ብቻ ነው። ስለዚህ የአንጀት ካንሰር ያለበት ሰው ዓይኔ ደበዘዘ ቢለኝ መጀመሪያ የማስበው የዓይን ሞራን፣ የስኳር በሽታንና የዓይን ድርቀትን ነው። ብልጭታ ካለ፣ የሚንሳፈፍ ጥቁር ነገር ካለ ወይም ቀጥ ያለው መስመር ተጣሞ ከታየ ግን አይዘግይ። ከፊት ሲታይ ዓይኑ ጤነኛ ሊመስል ይችላል።

ስሙን መሳሳት ምን ይጎዳል ለሚል ሰው መልሴ ይህ ነው። «የዓይን ካንሰር» የተባለ ቤተሰብ «ዓይኑን አውጡለትና ይዳን» ይላል። ማውጣቱ በሽታውን አያድንም፤ ዘሩ ሰውነት ውስጥ አለና። ዓይን የሚወጣው ማየት አቁሞ በሌላ የማይቆም ሕመም ሲያመጣ ነው። ኬሞው የሚመረጠው ለአንጀት ካንሰር ነው። ዓይኑ ላይ የሚሰጠው ጨረር ደግሞ ባብዛኛው እይታን ለማትረፍ ነው። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ትንሽ ይጎድላል፤ ቡና ቡና ሆኖ ይቀራል፣ የካንሰር ሴል ግን እየቆየ ባሕርዩን ሊለውጥ ይችላል። ያኔ አዲስ ናሙና ያስፈልግ ይሆናል። ከዓይን ናሙና መውሰድ ግን ቀላል ስላልሆነ ብዙ ጊዜ ከጉበት ይወሰዳል።

ለምርመራ ስትመጡ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ እናደርጋለን። ለጥቂት ሰዓት ያደበዝዛል፤ ሞተር እየነዳችሁ አትምጡ። የአንጀቱንም የምርመራ ውጤት ያዙ። ለዓይን ሐኪም ምን ያደርጋል ብላችሁ ቤት አትተዉት።