አፍ የሚፈቱ ሕፃናት የቃል አወጣጥ ወጥነት በድሬዳዋ

የቃል አወጣጥ ወጥነት አንድ ሕፃን አንድን ቃል ደጋግሞ ሲናገር ምን ያህል በተመሳሳይ መልክ እንደሚያወጣው የሚያሳይ መለኪያ ሲሆን፣ ከትክክለኛነት ጋር መምታታት የለበትም። «ጫማ» ለማለት ሁልጊዜ «ታማ» የሚል ልጅ ቃሉን ቢያበላሸውም አወጣጡ ወጥ ነው፤ «ብርቱካን»ን አንዴ «ቡታን»፣ አንዴ «ቢቱካ»፣ ሌላ ጊዜ «ኡካን» የሚል ልጅ ግን ገና አልረጋም።

ሕፃናት በአብዛኛው በ12 ወር ገደማ አፋቸውን ሲፈቱ መዋዠቅ የተለመደ ነው። ቻርልስ ፈርጉሰንና ካሮል ፋርዌል እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት፣ አንዲት የ15 ወር ሕፃን እስክሪብቶ የሚል ትርጉም ያለውን «ፔን» የተባለ የእንግሊዝኛ ቃል በግማሽ ሰዓት ውስጥ በ10 ዓይነት መልክ ስትሞክረው ተመዝግቧል። ምላስና ከንፈር መታዘዝን እየለመዱ፣ የሚታወቁት ቃላትም እየበዙ ሲሄዱ መዋዠቁ ይቀንሳል፤ የሚቀረው ስህተትም ሥርዓት ይይዛል፣ ለምሳሌ ቀ በከ፣ ረ በለ ወይም በየ ይተካል።

በድሬዳዋ ጉዳዩ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡር ሐዲዱ ጋር በተቆረቆረችው በዚህች ከተማ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በአንድ ግቢ ውስጥ ይሰማሉ። ሶማሊኛ የፐ ድምፅ ስለሌለው፣ ለእናቱ «ፖሊስ»፣ ለሶማሌዋ ጎረቤቱ ደግሞ «ቦሊስ» የሚል ልጅ የሰማውን ለየባለቤቱ እየመለሰ ነውና እንደ ችግር ሊቆጠርበት አይገባም። በዚህ ሰበብ ወላጆች አንዱን ቋንቋ እንዲተዉ መምከርም ስህተት ነው፤ ሁለት ቋንቋ መልመድ የንግግር እክል አያመጣም።

ይህን ወጥነት ለመለካት የንግግር እክል ተመራማሪዋ ባርባራ ዶድና ባልደረቦቿ ባዘጋጁት ምርመራ ልጁ 25 ሥዕሎችን በአንድ ቀጠሮ ሦስት ጊዜ፣ በመሀል ሌላ ነገር እየሠራ፣ ይሰይማል፤ ከቃላቱ 40 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከዋዠቁ አወጣጡ ወጥነት የጎደለው ይባላል። ዝርዝሩ ለእንግሊዝኛ የተሠራ በመሆኑ እንዳለ ተርጉሞ መጠቀም አያዋጣም፤ ለድሬዳዋ ልጅ እንደ «ግመል»ና «ጠረጴዛ» ያሉ፣ በርዝመትም በድምፅም የሚለያዩና በየቀኑ የሚሰማቸው ቃላት መመረጥ አለባቸው። የመስማት ምርመራም አብሮ መደረግ ይኖርበታል።

መዋዠቁ ለጸናበት ልጅ የሚሰጠው ሕክምና በሚወዳቸውና ዘወትር በሚያስፈልጉት ቃላት ላይ ያተኩራል። የንግግር ሕክምና ባለሙያውና ቤተሰቡ ልጁ ከሚችለው ሁሉ የተሻለውን አንድ አወጣጥ መርጠው ያንኑ ያስለምዱታል፤ «ባጃጅ»ን ሁልጊዜ «ባዳድ» ማለት ከቻለ፣ ጀ እስኪስተካከልለት ድረስ ይህ ተቀባይነት አለው።