ጁልየት «የት ነህ?» አላለችም፦ ስለ እንግሊዝኛ ተውኔት፣ ግጥምና አጭር ልቦለድ የተሳሳቱ አመለካከቶች

«ቲቸር፣ ይሄ ግጥም ፈተና ላይ ይመጣል?»

የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ይህን ጥያቄ ሳይሰማ ዓመቱ አያልቅም። መልሱ «አይመጣም» ከሆነ ገጹ ይገለበጣል። በተማሪዎቹ አልፈርድም። የ12ኛ ክፍል ፈተና የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ሁሉም የሚሮጠው ወደ ሰዋስውና ወደ ምንባብ ነው። የሚያሳዝነኝ ግን ብዙዎቹ ግጥሙንና ተውኔቱን የሚሸሹት ስለነሱ በተነገራቸው የተሳሳተ ነገር ምክንያት መሆኑ ነው።

«የሼክስፒር ቋንቋ ጥንታዊ እንግሊዝኛ ነው፤ ለኛ ልጆች አይሆንም»

ሼክስፒር የኖረው ከ1564 እስከ 1616 ነው። የጻፈበትን ቋንቋ ምሁራን የዘመናዊው እንግሊዝኛ የመጀመሪያ ደረጃ ይሉታል። ጥንታዊ እንግሊዝኛ የሚባለው ከሱ በፊት አምስት መቶ ዓመት ገደማ ያበቃለት ነው። ያንን ዛሬ እንግሊዞቹ ራሳቸው ካልተማሩት አያነቡትም። ግዕዝ ያልተማረ ሰው ቅዳሴ ሲሰማ እንደሚሆነው፣ እዚህም እዚያም አንዳንድ ቃል ብቻ ነው የሚይዙት።

የሼክስፒር ችግሩ ሌላ ነው። የምናውቃቸው የሚመስሉን ቃላት ያታልሉናል። ጁልየት በሌሊት ሮሚዮን እየጠራች የምትናገረውን ዝነኛ ስንኝ አስቡ። «ዌርፎር» ትላለች። ብዙ ሰው «የት ነህ፣ ሮሚዮ?» ያለች ይመስለዋል። ቃሉ ግን «ለምን» ማለት ነው። «ለምን ሮሚዮ ሆንክ?» ነው የምትለው። ከሰው ሁሉ መርጣ የወደደችው የጠላት ቤተሰብ ልጅ ሆኖባት ነው። ታች ቆሞ እየሰማት መሆኑንም አታውቅም። ይህ ሲገባችሁ ቀጥላ ስለ ስም የምትለው ሁሉ ቦታውን ይይዛል። ጽጌረዳ በሌላ ስም ብትጠራም ሽታዋ ያው ነው የምትለው ለዚህ ነው። «የት ነህ?» ብላችሁ ካነበባችሁ ግን ጽጌረዳዋ ከየት መጣች?

እንዲያውም የአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ እዚህ ላይ ከለንደን ተማሪ ይቀድማል። በሼክስፒር ዘመን እንግሊዝኛም «አንተ» እና «እርስዎ» ነበረው። «ዛው» ለቅርብ ሰው፣ ለልጅ፣ ለአሽከር፣ አንዳንዴም ለንቀት ይውላል። «ዩ» ለአክብሮት፣ ወይም ራቅ ብሎ ለመቆም። ለእንግሊዛዊው ልጅ ይህ በማብራሪያ የሚማረው ነገር ነው። ለኛ ልጅ ግን ማታ ቤቱ የሚሰማው ነው።

ከሃምሌት ሁለት መስመር ልውሰድ። እናቱ፣ ንግሥቲቱ፣ ትቆጣዋለች፦ «ሃምሌት፣ አባትህን እጅግ አስቀይመሃል።» ልጇን በ«ዛው» ነው የምትናገረው። እሱ ደግሞ ያንኑ አባባል መልሶ ይወረውርላታል፦ «እናቴ፣ አባቴን እጅግ አስቀይመዋል።» በ«ዩ»! እናቱን አንቱ ማለቱ መሰላችሁ? አዎ፣ ግን አክብሮቱ በረዶ ነው። የቅርብ ሰው ድንገት «እርስዎ» ሲለን ምን እንደሚሰማን እናውቃለን። በዚያ ላይ እሷ «አባትህ» ስትል ያገባችውን አጎቱን ማለቷ ነው፤ እሱ «አባቴ» ሲል የሞተውን ንጉሥ፣ ወላጅ አባቱን። በሁለት አጭር መስመር አንድ ቤተሰብ ሲፈርስ ይታያል። ሃምሌትን፣ ኦቴሎንና ማክቤዝን ወደ አማርኛ የመለሰው ባለቅኔ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። ከእንግሊዝኛው ጎን አማርኛውን ገልጦ ማንበብ ለተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው፤ እንደ ማጭበርበር የሚያዩት መምህራን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

«ግጥም አንድ የተደበቀ ትርጉም አለው፤ እሱንም መምህሩ ያውቀዋል»

ይህ አመለካከት እኛ ዘንድ የጠነከረው ሰምና ወርቅ ስለምናውቅ ይመስለኛል። ተማሪው «ወርቁ ምንድን ነው?» ብሎ ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል። መምህሩ ይነግረዋል፣ እሱም ይጽፋል። ግን ቅኔን ራሱን በደንብ ካየነው ወርቁ ከሰማይ አይወርድም። ሰሙንም ወርቁንም የያዘው ኅብረ ቃል እዚያው ስንኙ ውስጥ ተቀምጧል። ኅብረ ቃሉን ማሳየት ያልቻለ ሰው «ወርቁ ይሄ ነው» ቢል ማን ይቀበለዋል? የእንግሊዝኛ ግጥምም እንደዚያው ነው። ከአንድ በላይ ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ ሁሉም ትርጉም ግን ከቃላቱ ማስረጃ ይጠየቃል።

አሜሪካዊው ሮበርት ፍሮስት በ1915 ያሳተመውን የሁለት መንገድ ግጥም ውሰዱ። ብዙ ሰው «ሰው ያልሄደበትን መንገድ ምረጥ» የሚል ምክር አድርጎ ይጠቅሰዋል። የምረቃ ንግግር ላይ ይነበባል፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ግጥሙን ቀስ ብላችሁ ስታነቡት ግን ተናጋሪው ሁለቱም መንገዶች የተረገጡት እኩል ያህል እንደሆነ ራሱ ይናገራል። ያን ጠዋት ሁለቱም ያልተረገጠ ቅጠል ለብሰው ነበር። «ሰው ያልበዛበትን መረጥኩ» ብሎ የሚያወራው ወደፊት፣ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በረጅሙ እየተነፈሰ እንደሆነም አስቀድሞ ይነግረናል። ርዕሱስ? ስላልተሄደበት መንገድ ነው። ፍሮስት ግጥሙን ሲጽፍ በልቡ የነበረው እንግሊዛዊ ጓደኛው ኤድዋርድ ቶማስ ነው፤ አብረው ሲንሸራሸሩ «በዚያኛው በኩል ብንሄድ ኖሮ» እያለ ይቆጭ ነበር። እኔ ይህን ግጥም ሰው የገዛ ታሪኩን እንዴት እያሳመረ እንደሚያወራ የሚያሳይ አድርጌ ነው የማነበው። ተማሪ ሊቃወመኝ ይችላል። የትኛው ቃል እንዳስቃወመው ብቻ ያሳየኝ።

«ቤት ካልመታ ግጥም አይባልም»

የሼክስፒር ተውኔቶች አብዛኛው ስንኝ ቤት አይመታም። አሥር ቀለም ገደማ ይዞ አምስት ጊዜ ጠበቅ እያለ ይሄዳል። የኛ የወል ቤት ስድስት በስድስት ሆኖ ቀለም ይቆጥራል፤ እንግሊዝኛው ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ምቱንም ይቆጥራል። በጣት ጠረጴዛ እየመታችሁ አንብቡት፣ ይሰማችኋል።

«ተውኔት እንደ ልቦለድ ተቀምጦ በዝምታ ይነበባል»

የሼክስፒር ተውኔቶች ተሰብስበው የታተሙት በ1623፣ እሱ ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ጥራዝ ውስጥ ካሉት 36 ተውኔቶች ግማሽ ያህሉ ከዚያ በፊት ታትመው አያውቁም ነበር። የተጻፉት ለመድረክ ነው። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ተነስታችሁ አንብቡት። አንዱን መስመር መጀመሪያ በቁጣ፣ ቀጥሎ በልመና በሉት። ትርጉሙ ሲቀያየር ጆሯችሁ ይነግራችኋል። አክሰንታችን ያስቃል ብለው የሚያፍሩ ልጆች አሉ። ሼክስፒር ራሱ ዛሬ ለንደን ቢነሳ አነጋገሩ ለጆሯቸው እንግዳ ነበር የሚሆነው።

«አጭር ልቦለድ ለጀማሪ ነው፤ ደግሞም "እኔ" የሚለው ደራሲው ነው»

አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ በ1842 እንደጻፈው፣ አጭር ልቦለድ በአንድ ቁጭታ የሚያልቅና አንድ ስሜት ላይ ያነጣጠረ መሆን አለበት። ይህ ለጀማሪ የሚሰጥ ቀላል ሥራ አይመስለኝም። ቦታ ስለሌለ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ይሠራል፤ ደራሲው የተወውም ነገር ይናገራል።

ተራኪውን ከደራሲው ጋር ማምታታት ደግሞ በእርማት ወረቀት ላይ ደጋግሜ የማየው ስህተት ነው። ፖ በ1843 ባሳተመው አንድ ታሪክ ተራኪው እብድ አለመሆኑን አጥብቆ እያስረዳን፣ ሽማግሌ እንዴት እንደገደለ ይተርካል። ገዳዩ ፖ አይደለም። ታሪኩ የሚያስፈራው ተራኪውን ማመን ስለማንችል ነው።

«ሾርት ኖቱን ከያዝኩ ይበቃኛል»

ይህኛው በውጭ ያሉ ወላጆችንም ይመለከታል። በእንግሊዝ አገር ልጆች 16 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው በሚወስዱት የሥነ ጽሑፍ ፈተና ቢያንስ አንድ ሙሉ የሼክስፒር ተውኔት አለ። መጽሐፉን ይዞ መግባት አይፈቀድም። ከዚህ በተጨማሪ ከዚያ በፊት ክፍል ውስጥ ያላጠኑት ጽሑፍ ይቀርብላቸዋል። ላላጠኑት ጽሑፍ ሾርት ኖት ከየት ይመጣል?

«እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፣ ልጄን በዚህ ምን ልረዳው?» የሚሉ እናቶችና አባቶች አሉ። ልጁ ግጥሙን ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ከዚያ ምን እንደገባው በአማርኛ ያስረዳችሁ። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ «የትኛው ቃል ነው እንዲህ ያሰኘህ?» ጣቱን ቃሉ ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ ጠብቁት።