«አዲሲቱ ሞስኮ» ምንድን ናት?

በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ዳርቻ ሳጋሎ የምትባል ትንሽ ቦታ አለች። ዛሬ የጅቡቲ ግዛት ናት። በ1889 ግን ለሦስት ሳምንት ያህል ሌላ ስም ነበራት። ከሩሲያ የመጡ ሰዎች ሰፍረውባት «አዲሲቱ ሞስኮ» አሏት። መነኮሳት ነበሩ፣ ወታደር የነበሩ ነበሩ፣ አናጢዎች ነበሩ፣ እናቶችና ልጆች ነበሩ። ከዚያ የፈረንሳይ የጦር መርከቦች መጡና በመድፍ መቷቸው።

እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የእኛን ስጠቀም እናገራለሁ።

ይህ ታሪክ እኛ ዘንድ ብዙም አይወራም። መወራት ነበረበት እላለሁ። ምክንያቱም እነዚያ ሰዎች ታጁራን ፈልገው አልመጡም። የመጡት እኛን ፈልገው ነው። «አቢሲኒያ የምትባል የወንድሞቻችን አገር አለች፤ እጇን ዘርግታ ትጠብቃችኋለች» ተብለው ነው ከቤታቸው የወጡት።

እንዲህ ያላቸው ሰው ኒኮላይ አሺኖቭ ይባላል። በ1856 የተወለደ፣ በቮልጋ ወንዝ ዳር ካለችው ከጻሪጺን ከተማ የመጣ ሰው ነው። ራሱን «የነጻ ኮሳኮች አታማን» ብሎ ይጠራ ነበር። ኮሳኮች በሩሲያ ድንበር ላይ የሚኖሩ፣ በፈረሰኛነት የታወቁ ማኅበረሰቦች ናቸው። አታማን ማለት ደግሞ አለቃቸው ነው። መንግሥት ነገሩን ሲያጣራ አሺኖቭ ኮሳክ ሳይሆን ተራ የከተማ ሰው ሆኖ ተገኘ። ቀደም ሲልም በጥቁር ባሕር ዳርቻ ኮሳክ አሰፍራለሁ ብሎ ጀምሮ ነበር፤ አልተሳካለትም።

ግን ምላሱ ቅቤ ነበር። በ1880ዎቹ አጋማሽ ወደ ምጽዋ አቅጣጫ ከተጓዘ በኋላ ሞስኮና የያኔዋ የሩሲያ ዋና ከተማ ፒተርስበርግ ተመልሶ፣ ኢትዮጵያን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ሆኖ ቀረበ። የሚሰማው ሰውም አላጣም። ዘመኑን ስናይ ነገሩ አይገርምም። የስዌዝ ቦይ በ1869 ተከፍቷል። ጣሊያን አሰብን ይዛ በ1885 ምጽዋ ገብታለች። እንግሊዝ ዘይላ ላይ ናት። ፈረንሳይ ኦቦክን ይዛ በ1884 ታጁራንና ሳጋሎን ጨምራለች። ሩሲያ በቀይ ባሕር አካባቢ ምንም የላትም። ከኦዴሳ ተነስተው እስከ ቭላዲቮስቶክ የሚሄዱ መርከቦቿ ግን በዚህ ያልፋሉ፤ የድንጋይ ከሰል መጫኛ ወደብ ያስፈልጋቸዋል። የባሕር ኃይሉ ሰዎች አሺኖቭን ሲያዩ ወደብ ታያቸው። የኒዥኒ ኖቭጎሮድ አገረ ገዢ ባራኖቭ ንግድ ታየው። የቅዱስ ሲኖዶሱ የበላይ ባለሥልጣን ፖቤዶኖስትሴቭ ደግሞ የታየው ሃይማኖት ነው።

ይህ የሃይማኖቱ ነገር ትንሽ ያቆየናል። በ1888 ክረምት ኪየቭ ላይ ሩሲያ ክርስትናን የተቀበለችበት 900ኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት ተከበረ። አሺኖቭ ሁለት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ይዞ በበዓሉ ላይ ተገኘ። አስቡት፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ከሩቅ አፍሪካ የመጡ፣ መስቀል የያዙ፣ ኦርቶዶክስ ነን የሚሉ ጥቁር መነኮሳት። ከዚያ በኋላ ማን ሊጠራጠር? ለጉዞው ገንዘብ ይዋጣ ጀመር። የመንፈሳዊ ልዑክ መሪ ተሾመ፤ አርኪማንድሪት (የመነኮሳት አለቃ ማዕረግ ነው) ፓይሲ የሚባሉ አረጋዊ መነኩሴ ናቸው።

ብዙዎቹ ሩሲያውያን የእኛ ቤተ ክርስቲያንና የእነሱ አንድ ናት ብለው ያስቡ ነበር። ስሙ አንድ ነው፤ በኬልቄዶን ጉባኤ፣ በ451፣ የተለያየው ግን ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ ላይ ዐፄ ዮሐንስ በ1878 ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው የአገር ውስጡን የሃይማኖት ክርክር ገና ከቋጩ አሥር ዓመት ብቻ ነው። የውጭ ሰባኪን እንደማይወዱ የታወቀ ነው። ፓይሲ ቤተ መንግሥት ቢደርሱ ኖሮ ምን ይገጥማቸው እንደነበር መገመት አይከብድም። አሺኖቭ ይህን ለማንም አልተናገረም። በሁለት ቢላዋ የሚበላ ሰው ነበር። እዚያ የኢትዮጵያ ወዳጅ ነኝ ይላል፤ እዚህ ደግሞ የዛሩ፣ ማለትም የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት፣ መልእክተኛ መስሎ ይታያል። ከሁለቱም የተሰጠው ሥልጣን አልነበረም።

ታኅሣሥ 1888 ላይ 150 ያህል ሰዎች ከኦዴሳ በመርከብ ተነሱ። የሄዱት ጦረኞች ብቻ አይደሉም። የጉልበት ሠራተኞች፣ የእጅ ባለሙያዎች፣ ከነሚስትና ከነልጆቻቸው የወጡ ሰዎች ነበሩ። በአሌክሳንድሪያ አልፈው ፖርት ሳይድ ላይ በሌላ መርከብ ተሳፈሩ። ታጁራ የደረሱት በእነሱ፣ ከሌላው አውሮፓ በ12 ቀን ወደ ኋላ በሚቀረው በድሮው የሩሲያ አቆጣጠር፣ ጥር 6፣ 1889 ነው። ቀኑን ወደ እኛ ስቀይረው ጥር 11፣ 1881 ዓመተ ምሕረት ሆነ። ጥምቀት! ለእነሱም፣ ለእኛም በዚያው ቀን ጥምቀት ነበር። በዚያ ቀን በባሕሩ ዳር ቆመው ከተራሮቹ ወዲያ ያሉት «ወንድሞቻቸው» ታቦት አውጥተው እያከበሩ እንደሆነ አስበው ይሆን? እኔ ይህን ቀን ካየሁ በኋላ እነዚያን ሰዎች ከአሺኖቭ ጋር አንድ ላይ አድርጌ መውቀስ አልቻልኩም።

ታጁራ የአፋሮች አገር ናት። ሱልጣን አላት፣ ባላባቶች አሏት፣ ወደ ሸዋ የሚሄደው የሲራራ ነጋዴ መንገድም ከዚያ ይነሳል። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ለምኒልክ ጠመንጃ ይዞ የተነሳው ከዚያ ነው፤ ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ ወራት ፈጅቶበት በ1886 መንገድ የጀመረው። አሺኖቭም ከአካባቢው ባላባት ከመሐመድ ሌይታ ጋር ተስማማ። ከስምንት ቀን በኋላ ሰዎቹን ይዞ ወደ ሳጋሎ ተሻገረ። ግብፆች ትተውት የሄዱ አሮጌ ምሽግ ነበር፤ እሱን ጠርገው ገቡበት። ቤተ ጸሎት አዘጋጁ። ባንዲራ ሰቀሉ። ይዘውት የመጡትን ዘርና ችግኝ ተከሉ። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ጨዋማ መሬት። ለመኖር እንጂ ለወረራ የመጣ ሰው አትክልት አይተክልም መቼም። ለአንዳንዶቹ ግን ኑሮው አልተቻለም፤ ጠፍተው ሄዱ።

የአሺኖቭ ስሌት ቀላል ነበር። መሬቱ የባላባቱ ነው፤ ከባላባቱ ጋር ተስማምቻለሁ፤ ስለዚህ ፈረንሳይ አያገባትም። ፈረንሳይ በበኩሏ ሳጋሎ በ1884 በውል የተሰጠችኝ የራሴ ናት ትላለች። የኦቦክ አገረ ገዢ ሌኦንስ ላጋርድ ሰዎቹን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጥርጣሬ ይከታተል ነበር። ባንዲራውን አውርዱ፣ መሣሪያ አስረክቡ ተባሉ። አሺኖቭ እምቢ አለ።

ፓሪስ ከመተኮሷ በፊት ፒተርስበርግን ጠየቀች። በእኔ እምነት የታሪኩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። የሩሲያ መንግሥት መልስ በአጭሩ «አናውቀውም» ነው። ጉዞው የግል ነው፤ ቦታው የፈረንሳይ ከሆነ አሺኖቭ ለፈረንሳይ ሕግ ይታዘዝ አሉ። ዛር አሌክሳንደር ሦስተኛ በጣም ተቆጥተው ነበር። ይህን ከብት አሺኖቭን ቶሎ ከዚያ ማንሳት አለብን እስከማለት ደርሰዋል። አንድ ዓመት ሙሉ በሩን የከፈቱለት ሰዎች ነገሩ ሲከፋ ዞር አሉ። ዞር ማለቱ ለባለሥልጣናቱ ቀላል ነበር። ሳጋሎ ላይ ያሉት ሴቶችና ልጆች ግን ዞር የሚሉበት ቦታ አልነበራቸውም።

የካቲት 17፣ 1889 በአድሚራል ኦልሪ የሚመሩ የፈረንሳይ መርከቦች ሳጋሎ ፊት ለፊት ቆሙ። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ላኩ። የጠበቁት መልስ አልመጣም። ተኮሱ። ድብደባው ረጅም አልነበረም፤ የተተኮሰውም ጥቂት ጥይት ነው። ግን ሰዎች የተጠጉበት አሮጌ ግንብ ላይ የሚያርፍ የመድፍ ጥይት ብዙ መሆን አያስፈልገውም። 6 ሰዎች ሞቱ፤ ሴትና ሕፃናት ነበሩባቸው። 20 ያህል ቆሰሉ። የቀሩት እጃቸውን ሰጡ። «አዲሲቱ ሞስኮ» በዚያው አበቃች።

ይህ ቀን በእኛ የካቲት 11፣ 1881 ነው። ከ20 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 1፣ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆሰሉ፤ በማግስቱ አረፉ። አሺኖቭ ሰዎቹን ወደ እሳቸው ዘንድ አደርሳለሁ ብሎ ነበር ያመጣቸው። ቢደርሱም ያ ቤተ መንግሥት በዚያ ወር አይጠብቃቸውም ነበር።

የተረፉት ወደ ስዌዝ ተወሰዱና በሩሲያ መርከብ አገራቸው ገቡ። አሺኖቭ ወደ ሳራቶቭ ግዛት ተልኮ በፖሊስ ጥበቃ ሥር ለሦስት ዓመት እንዲቀመጥ ተፈረደበት። ሌላ ቅጣት አልደረሰበትም። የሞተው በ1902 ነው። ፓሪስ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ሳይታሰብ ትኩሳት አስነሳ። «የአርበኞች ሊግ» የሚባለው ብሔርተኛ ማኅበር ወዳጃችን የሆነችውን ሩሲያን እንዴት እንመታለን ብሎ መንግሥትን አወገዘ፤ ለተጎጂዎቹም መዋጮ ጠራ። መንግሥት ቀድሞም ሊጉን ለመምታት ሰበብ ይፈልግ ነበርና ይህን ይዞ መሪዎቹን ፍርድ ቤት አቆማቸው።

ፒተርስበርግ ግን ኢትዮጵያን አልተወችም። መንገዱን ነው የቀየረችው። በዚያው በ1889 ሩሲያዊው መኮንን ሌተና ማሽኮቭ ብዙ ሰው ሳያስከትል፣ ድምፁን አጥፍቶ ሸዋ ገባና ዐፄ ምኒልክን አገኘ። በ1895 ሌላ ሩሲያዊ፣ ሌኦንቲየቭ፣ መጣ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ልዑካን ፒተርስበርግ ሄዱ። ከአድዋ በኋላ፣ በ1896፣ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ደርሰው ቁስለኛ አከሙ። ይህን የመጨረሻውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በትምህርት ቤት ተምረነዋል። ከዚያ ሰባት ዓመት ቀድመው፣ በጥምቀት ቀን ታጁራ የደረሱትን ግን ማንም አልነገረን።